የመጨረሻዋን ጠብታ ስለመጠበቅ፦ በያህያ ደርዊሽ ኅልፈት ከማኅበራችን የወጣ የሐዘን መግለጫ

ያህያ፣ «ሰኞ ጠዋት የሮቦቱን ክንድ እንደገና አስተምረዋለሁ» ብለኸን ነበር የተለያየነው። የቅቡ በርሜል እንደከደንከው ነው። «እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይከፍተው» ስላልክ አልከፈትነውም። እየጠበቅንህ ነው።

የአቃቂ ወንዝ ዳር ሸክላ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የቅብ ክፍል ኃላፊው አቶ ያህያ ደርዊሽ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሥራ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲመለሱ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ በ27 ዓመታቸው ከመካከላችን መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለደንበኞቹና ለአካባቢው ነዋሪ የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

አቶ ያህያ ከአባታቸው ከአቶ ደርዊሽና ከእናታቸው ከወ/ሮ ላጢፋ በ1991 ዓ.ም. አቃቂ ተወለዱ። በ2011 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠናቸውን አጠናቀው ማኅበሩን ሲቀላቀሉ ሥራቸው ምድጃ መጠገን ነበር። ይሁን እንጂ የሻይ ሰዓታቸውን ሁሉ የሚያሳልፉት አንጋፋዋ ባለሙያችን ወ/ሮ ፈለቀች አንዴ የተተኮሰውን ሸክላ ቅብ ውስጥ ሲነክሩ በማየት ነበር። ያ ቅብ ሁለተኛ እሳት ሲያገኘው እንደ ብርጭቆ ያበራል።

በ2015 ዓ.ም. ከተዘጋ ፋብሪካ የተረፈ አሮጌ የሮቦት ክንድ ለማኅበሩ አስገኙ፤ ሰባት ወር ፈጅተውም ጠገኑት። ቅብ እንዳይነካው ሁለት ሰው ላስቲክ ያለብሰው ስለነበር አባላቱ «ሙሽራው» አሉት። ወ/ሮ ፈለቀችም «ይሄ ሙሽራ ያለ ሚዜ አይንቀሳቀስም እንዴ?» እያሉ ያስቁን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የወ/ሮ ፈለቀች የእጅ አንጓ ታሞ ሳህን ማንሳት ሲያቅታቸው፣ አቶ ያህያ የእርሳቸውን አነካከር ክንዱን አስተማሩት። ክንዱን በእጃቸው ይዘው አብረውት ነከሩ፣ አወጡ፣ አዘነበሉ፤ ክንዱም እንቅስቃሴውን መዘገበ። በመጨረሻ፣ ትርፉ ቅብ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ፣ አራት ሰከንድ ዝም ብሎ መቆም ነበረበት። ወ/ሮ ፈለቀች አጠገባቸው ቆመው «አታጣድፈው ያህያ፣ ምራቁን ይዋጥ» ይሉ ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለትእዛዝ የተሠሩ ስልሳ ሳህኖች ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ተጣብቀው ወጡ። በማግስቱ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ጥፋቱ «በቅብ ክፍል ኃላፊው ቸልተኝነት» የደረሰ ነው ይላል። አቶ ያህያም ፈርመውበታል።

ይህ ትክክል አይደለም። መግለጫውን እንድጽፍ ማኅበሩ የፈቀደልኝ እኔ ታናሽ ወንድሙ ፈርሃት ነኝ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ከትምህርት በኋላ በክንዱ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። አራቱን ሰከንድ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ክንዱ ቆሞ ሲጠብቅ ሥራ የፈታ መሰለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ቆርጬ አወጣሁት፤ የቀድሞውንም ቅጂ አላስቀረሁም። የመጨረሻዋ ጠብታ ከሳህኑ ሥር እንዳለች እሳት ገባች፤ ቀልጣም አጣበቀችው። ለወንድሜ ስነግረው «አንተ ፈተና አለብህ፣ ዝም በል። ሰኞ እኔው አስተምረዋለሁ» አለኝ። ሄዶ ፈረመ። ዝም አልኩ።

ማኅበሩ ቃለ ጉባኤው እንዲታረምና እርማቱ ለመላው አባላት እንዲነበብ ወስኗል። ያህያ በሕይወት ሳለ ይህን ከእኛ አለመስማቱ ሁላችንንም ይቆጨናል። በሕይወት ሳለ ስሙ በመዝገባችን ጎድፎ የቆየው ሁለት ቀን ብቻ ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖቹ ነበሩ።

ለአባቱ ለአቶ ደርዊሽ፣ ለእናቱ ለወ/ሮ ላጢፋ፣ እንደ ልጃቸው ላዩት ለወ/ሮ ፈለቀችና ለሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ አላህ ሶብሩን ይስጥልን፤ ለእርሱም ማረፊያውን ያስፋለት።

መግለጫው እስከዚህ ከተጻፈ በኋላ፣ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ክፍሉን ብቻዬን ከፈትኩት። ሙሽራውን ላስቲኩን ያለ ሚዜ አለበስኩት። የበርሜሉን ክዳን አንስቼ ወደ ታች የዘቀጠውን ቅብ አማሰልኩ። የእንቅስቃሴ መቅጃውን አብርቼ ክንዱን ያህያ ይይዘው በነበረው ቦታ ያዝኩት። አንድ ሳህን አብረን ነከርን፣ አወጣን፣ አዘነበልን። ጠብታዋ እስክትወርድ ቆምኩ። ወረደች። ከወረደች በኋላም ክንዱን አልለቀቅኩትም።