ወረቀቱን አንብበኸው ነበር፣ አባዬ

አባዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሆነ። በሕይወት ሳለህ ከ«እርስዎ» በቀር ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ግን ተቆጥቼብሃለሁ፤ «እርስዎ» ማለቱ አልሆነልኝም።

ሄርማታ ሰፈር ያለውን የልብስ ስፌት ሱቅህን ወንድሜ ጀማል ይዞታል። እማዬ ጊንጆ ሰፈር እኔ ቤት ገብታለች። ማስተማር ስጀምር የሰፋህልኝን ነጭ ጋወን አሁንም እለብሰዋለሁ። ጠመኔ ይከብደዋል ብለህ ኪሱን ሁለቴ ፈትተህ ነበር የሰፋኸው። ለኪስ እንዲያ የምትጨነቅ ሰው፣ ለእኛ እንዴት ሳትጨነቅ ቀረህ?

ደንበኛ እየለካህ፣ ሜትሩን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ ወደ ሽንት ቤት ትሮጥ ነበር። ስንጠይቅህ «ብርድ ነው» አልክ። ወገብህን ሲያምህ «የወንበሩ ነው» አልክ፤ ጀማል አዲስ ወንበር ገዛልህ። ሐኪም ዘንድ ስናደርስህ ካንሰሩ ከፕሮስቴት እጢህ አልፎ አጥንትህ ገብቶ ነበር።

ለቅሶህ ላይ የሟቹ ወንድምህ የአጎቴ የከድር ሚስት ከሸቤ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ከድርም እኮ በዚሁ ነው የሄደው» አለችኝ። እኛ የምናውቀው ኩላሊት ነው ያልከንን ነበር። «የሐኪሙን ወረቀት ያነበበልን አባትሽ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስማለኝ» አለችኝ። ሰው እያለቀሰልህ እኔ እንባዬ ደረቀ።

ጀማልን ተመርመር አልኩት። «ምንም አላመመኝም» አለ፣ ልክ እንዳንተ። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ባጃጅ ጠርቼ ራሴ ወሰድኩት። ተገኘበት።

ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችን። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ለውጥ ብቻ አይነሳም። አንዱ ዘረመል ተለውጦ ሴሉን ተባዛ እያለ ይገፋዋል። በቃህ የሚለው ሌላው ይጠፋል። ጉዳት የሚጠግነውም ከተበላሸ ስህተት በስህተት ላይ ይደረባል። አንዱ ብቻውን ለዓመታት ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ሲተጋገዙ ነው የሚከፉት። አብዛኛው ለውጥ በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱ ግን ከወላጅ ይወረሳል፣ ለሴት ልጅም በጡት ካንሰር በኩል ይተርፋል። ከዚያ፣ «አባትና አጎታችሁ ታመው እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለችን። ይህንኑ ትምህርት ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ኖሬያለሁ፤ የገዛ ቤቴን ግን አላውቅም ነበር።

የጀማል ገና ከእጢው አልወጣም ነበር። ኦፕራሲዮን ሆነ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሱቅ ይውላል። እኔ በየጊዜው እታያለሁ፣ እስካሁን ደህና ነኝ። የዘረመል ምርመራው እዚህ ስለሌለ ግን መውረሴንም አለመውረሴንም አላውቅም። ልጄን ሐያትን ባየኋት ቁጥር ይህ ይመጣብኛል።

ማፈርህ ይገባኛል፣ አባዬ። እዚያ ቦታ አመመኝ ብሎ ለልጆቹ መናገር ለአንተ ዓይነት ሰው ከባድ ነው። ግን ሃፍረትህ ወንድሜን ሊቀብርብኝ ነበር። ቢያንስ አልጋ ላይ ሆነህ እጄን ስትይዘኝ፣ ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

አልረሳህም። ዱዓ በተደረገልህ ቁጥር እገኛለሁ፣ ለነፍስህም እለምናለሁ። ምን ሆኖ ሞተ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን የበሽታህን ስም እናገራለሁ፤ ወንዶች በተቀመጡበትም ቢሆን፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

ልጅህ ሰሚራ