ደረጃ ለወጣ እግር የተሰጠ ቀጠሮ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ ሳይጓደል እንዲቆይ ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህን የምለው ለወጉ ያህል ብቻ ሳይሆን፣ ጤና ያጣ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እርስዎ ወደሚያስተዳድሩት ቤት መሆኑን ስለማውቅና ያ ዕጣ እንዳይደርስዎ አጥብቄ ስለማስብልዎ ነው።

እኔ ከሆስፒታሉ የኋላ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ናት። ስለዚህ ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ ባቴ በኩል እስከ አውራ ጣቴ የሚወርድ የነርቭ ሕመም ሲይዘኝ፣ የታመመው እግሬ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያዬም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ መዘውሩን በእጇ እያዞረች፣ እኔ ጨርቁን እየመራሁ ሠራን፤ እሷ ስትፈጥን እኔ ስዘገይ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ያልተጣላነውን ሁሉ በአንድ ኮት እጅጌ ላይ ተጣልተን ጨረስነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ለይተው እንደሚያነቡልኝ በማመን፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለዚህ ሕመም የታዘዘልኝ የማስታገሻ መርፌ የሚሰጠው ምድር ቤት ሆኖ ሳለ፣ ፈቃዱ ግን አራተኛ ፎቅ ከሚሰበሰበው ቦርድ እንዲገኝ፣ ካርዱንም በሽተኛው ራሱ ይዞ እንዲቀርብ መወሰኑ ነው። እግሩን ለታመመ ሰው እንቅስቃሴ ደግ መሆኑን እናንተ ባታስታውሱን ማን ያስታውሰን ነበር? ሊፍቱ እንዳይደክም ታስቦ «ለዕቃ ብቻ» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈበት፣ ሰማንያ ስምንቱን ደረጃ መደገፊያውን አቅፌ ስወጣ፣ ከኔ ጋር ከታች የተነሱ ሦስት ወንበሮችና አንድ ቁም ሳጥን በሊፍት ቀድመውኝ ደርሰው አገኘኋቸው። ወንበር ሆኜ ባለመፈጠሬ ያዘንኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የቦርዱ ጸሐፊ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ውሃም ሰጥተውኛል፣ ቅጹን ሲሞሉ ታማሚው ደረጃ መውጣት ይችላል ወይ ከሚለው ጥያቄ ደረሱ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ አልችልም ብል ማን ያምነኛል? እያዘኑ «ይችላል» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ፤ በዚህም አስቸኳይ ያልሆነ ተብዬ ለስምንት ወር ተቀጠርኩ። በሳምንቱ ቀጠሮው እንዲያጥርልኝ ባለቤቴ ካርዱን ይዛ ብትወጣ ደግሞ፣ ታማሚው በአካል አልቀረበም ተብላ ተመለሰች። እንግዲህ ደረጃውን የወጣ ይቆይ፣ ያልወጣ ደግሞ የለም ማለት ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል የኖርኩ ሰው፣ በአመጣጤም እንደሚፈረድብኝ እናንተ ዘንድ ተማርኩ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ አንብባ፣ ቃላቱ ከጨዋ ሰው አፍ የሚወጡ አይደሉም ብላ አሰርዛኛለች። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነበር።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን እውነተኛ ምስጋና ነው፤ እንዳይደናገሩ አስቀድሜ ልንገርዎ። ቀኔ ደርሶ ስተኛ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሐኪም ነርቩን በአልትራሳውንድ እየተከተለች፣ እኔ ቁልፍ ከምተክልበት ብዙም በማይወፍር መርፌ፣ ማደንዘዣውንና የነርቩን ቁጣ የሚያበርደውን መድኃኒት በዙሪያው ጠብ አደረገችው። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ፣ አልጋ መያዝ የለ። መርፌ ይዤ ያረጀሁ በመሆኔ የእጅ ሥራ አውቃለሁ፤ ያቺ ልጅ እጅ አላት። አባባ፣ ያምዎታል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ እንባዬ መጣ፤ እሷ ደነገጠች፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ስላላመመኝ ነበር። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄው ነው። ሁሉም ነገር የፈጀው አሥር ደቂቃ ነው። ድንዛዜው ለቆኝ በማግስቱ ፔዳሌን ስረግጥ፣ ባለቤቴ መዘውሩን ለቃ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ታረቅን።

አምስተኛና ዋናው፣ ሐኪሟ ሳትደብቅ እንደነገረችኝ መርፌው ለአንዱ ሳምንታት፣ ለሌላው ወራት ያስታግሳል እንጂ ለዘላለም አይደለም፤ ሕመሙ ሲመለስ እንዲደገምልኝም ጽፋልኛለች። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ። ከትናንት በስቲያ የልጆች ዩኒፎርም ስሰፋ ያቺ የማውቃት እሳት ባቴን ጫር አደረገችው። ፈራሁ፤ አልዋሽዎትም፣ በጣም ፈራሁ። ለባለቤቴም እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ስታነብ ታውቀዋለች። ካርድ ክፍል ብጠይቅ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ፈቃድ፣ ያው አራተኛ ፎቅ፣ ያው ስምንት ወር ተባልኩ። ሌላው ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሸሽ ነበር፤ እኔ ግን የሚያወጣ እግር የለኝም።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ያቺን የደረጃ ጥያቄ ሐኪሟ ትሙላት፣ ካርዱም እንደ ወንበሮቹ በሊፍት ይውጣ።

ከዚያ ከፍታ ወደ እኛ ቁልቁል ለማየት ሲሉ አንገትዎን እንዳያምዎ እየሰጋሁ፣ የማይጓደል አክብሮቴን ከምድር ቤት ወደ ላይ እልካለሁ፤ በደረጃ ስለሆነ ትንሽ ይቆይ ይሆናል።

የኋላ በሩ ልብስ ሰፊ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ በሾፌርዎ እጅ የላኩልኝ ጥቁር ሱሪ ደርሶኛል፤ ሐሙስ ዕለት አዲሱን የሕመም ሕክምና ክፍል ሲመርቁ እንደሚለብሱት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የግራ እግሩን አሳጥሬ ጨርሻለሁ። የቀኙ ጉዳይ ግን ባለቤቴ በምትመራው ቦርድ እጅ ነው፤ ባለጉዳዩ በአካል መቅረብ አለባቸው፤ በእግራቸው ከመጡ ደግሞ አስቸኳይ አይደለም ተብሎ ይመዘገብና ለስምንት ወር ይቀጠራሉ። ሥራው ራሱ እንኳ አሥር ደቂቃ ነው።