ሰፊ ቀሚስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን። ሰማዩ ደምኗል። ቤት ውስጥ እማዬና ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ አሉ።

ለናፈቅሽኝ ታናሽ እህቴ፤ አንቺም፣ ክፍልሽም፣ ጎረቤቶችሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን።

አንቺ ያለሽበት ከተማ ያለው የልብስ ፋብሪካ በጨርቅ ቆራጭነት ተቀብሎኛል፤ እስከ አርብ መልሴን ይፈልጋል። አልጋሽ አጠገብ አልጋ እንዳዘጋጀሽልኝ ከጻፍሽልኝ ወዲህ፣ መቀሴን ይዤ ስቀመጥ ሳቅሽ ይሰማኛል። እማዬም "ሂጂ እንጂ፣ እኔ ምን ሆንኩ!" ትላለች።

ዛሬ ሰማያዊ ቀሚሷን እንዳጠብበው ሰጠችኝ። ዘንድሮ ሳጠብበው ይህ ሦስተኛዬ ነው።

"ጨርቁ እየሰፋ አስቸገረኝ" አለች።

ፀጉር ሠሪዋ "እትዬ፣ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል እንጂ ይሰፋል እንዴ?" ብትላት፣ "ልጄ ሰፊ፣ ቀሚሴም ሰፊ! ምን ይደንቅሻል?" ብላ አሳቀችን። እየሳቀች ያልነካችውን ምሳዋን ወደ ፀጉር ሠሪዋ ገፋችው።

ፈቃድ ከሰጡሽ፣ ለመምጣት የዓመት እረፍትሽን አትጠብቂ።

በእማዬም ስም ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜሻለሁ። ጤናሽ ይብዛልኝ።

ታላቅ እህትሽ

ረቡዕ ጠዋት፦ ለፋብሪካው "አመሰግናለሁ፣ አልመጣም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀሚሱን በአራት ጣት አጠበብኩት። ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በቀላሉ በሚተረተር ስፌት ያዝኩት።