በመቆሚያ እግራቸው ለወደቁት ዘጠኝ ቁጥራችን የወጣ የሐዘን መግለጫ

ለክለቡ ሠራተኞች፣ አባላት፣ ደጋፊዎችና ለሕዝብ በሙሉ፦

ክለባችን በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ በደል ፈጽሟል፦ በሐሰት ከሷቸዋል፣ ያለ ማስረጃ ፈርዶባቸዋል፣ ዳግም ኳስ እንዳይጫወቱም አድርጓል። ሆን ብለው ፍፁም ቅጣት ምት ስተዋል፣ ዋንጫችንን ለተጋጣሚ አሳልፈው ሰጥተዋል ብለን በክለቡ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ለጥፈንባቸዋል። የለጠፍነው ውሸት ነበር።

እኚህ ሰው፣ ደጋፊው «ዘበኛው» እያለ የሚጠራቸው የቀድሞ ዘጠኝ ቁጥር አጥቂያችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ክለባችን አዝኗል፤ ከሐዘኑም ይልቅ አፍሯል። ይቅርታ የምንጠይቅበት አርባ ሰባት ዓመት ነበረን። አንዱንም ቀን አልተጠቀምንበትም።

የክለቡ የሕግ አማካሪ ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አይተውት «በደል» የሚለው ቃል «አለመግባባት» በሚል እንዲተካ ሐሳብ አቅርበው ነበር። አልተተካም። አለመግባባት የሚባለው ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። እዚህ የተናገረው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ሟቹ ክለባችንን የተቀላቀሉት ክለቡ በተመሠረተ በዘጠነኛው ዓመት ነው። ዕድሜያቸው ዐሥራ ዘጠኝ ነበር። የመጡት ከአውቶቡስ ድርጅት ቡድን ሲሆን፣ በዚያው ድርጅት ጎማ ቤት ጎማ እየፈቱ ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት በተቀያሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። በስምንተኛው ወር ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ገብተው በቴስታ ግብ አስቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሲታመሙ ብቻ ነው።

በክለቡ ዐሥራ አንደኛው ዓመት በሊጉ ሃያ ሁለት ግቦችን በማስቆጠር የመጀመሪያውን የኮከብ ግብ አግቢ ሽልማት ለክለባችን አስገኙ። «ዘበኛው» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ዓመት ነው። ሜዳውን ሁሉ አያካልሉም፤ የተጋጣሚን በር እንደ ተቀጠረ ዘበኛ ቆመው ይጠብቃሉ። የተጋጣሚ በረኞች «ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም እንዴ?» ይሉ እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሁሉ ያስታውሳሉ።

ሰው ሞተ ተብሎ መዋሸት ነውር ስለሆነ የሚከተለውም ይመዝገብ። ሟቹ የሩጫ ልምምድ አይወዱም ነበር። በካርታ ጨዋታ ሲሸነፉ ይኮርፋሉ። ለልምምድ አርፍደው የመጡበት ቀን በሰዓቱ ከመጡበት ቀን ይበልጣል። በእነዚህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተወቅሰዋል፤ ወቀሳውም ትክክል ነበር። በሐሰት የተወቀሱት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱ ግን ሌላውን ሁሉ በላው።

በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት የክለባችን ልብስ ሰፊ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። በየማሊያው ጀርባ ላይ ቁጥር የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። የባላቸው የቡድን ጓደኞች «ዘጠኝ ቁጥሩ ከሌሎቹ ጠበቅ ብሎ የተሰፋው በአድልዎ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም «እናንተ ማሊያ የሚቀድባችሁ ተከላካይ ሲኖር ለእናንተም አጠብቃለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ዛሬ የሒሳብ መምህርት ናቸው።

በዐሥራ አራተኛው ዓመት ክለባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያ ቀን የሆነው ነገር ለሚያነብ ሁሉ ግልጽ እንዲሆን አንድ የሥራ ልማዳችን መነገር አለበት።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ተጫዋች ያለው አንድ ጥንድ ታኬታ ብቻ ነበር። ከሥሩ ያሉት ጥርሶች በብሎን የሚፈቱና የሚታሰሩ ናቸው። ሜዳው ደረቅ ሲሆን አጭር ጥርስ፣ ሲረጥብ ረጅም ጥርስ ይገባል። ይህን የሚሠራው ታኬታ ያዡ ነው። ከጨዋታ በፊት ሜዳው መሐል ሄዶ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰክካል፤ ከዚያ ተመልሶ ያስራል። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ከቀድሞው ታኬታ ያዥ የወረስነው ሕግ ነበር፦ የመቆሚያ እግር ይቅደም። ኳስ የሚመታው እግር አየር ላይ ነው፤ ሰውየውን የሚሸከመው መሬት ላይ ያለው ነውና።

በፍጻሜው ቀን የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ድንገት ዝናብ ጣለ። ታኬታ ያዡ ብቻውን ነበር። ጊዜው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ እግር ብቻ ለመቀየር የሚበቃ ስለነበር እንደ ሕጉ የመቆሚያ እግሮችን ሰበሰበ። ቀኝ እግረኛ በግራው ስለሚቆም፣ የሁሉንም የግራ ታኬታ ሰበሰበ። አጥቂያችን ግን ግራ እግረኛ ነበሩ። የሚቆሙት በቀኛቸው ነው። ይህን በቡድኑ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ታኬታ ያዡም ያውቅ ነበር። በጥድፊያ ረሳው። ግራ ታኬታቸውን ረጅም ጥርስ አስሮ ሰጣቸው፣ ቀኙን በአጭሩ ተወው። ወዲያው ዳኛው ነፋ።

በሁለተኛው አጋማሽ አጥቂያችንን ሦስት ጊዜ አንሸራተታቸው። አንድ ለዜሮ እየተመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠን። አጥቂያችን ሮጠው መጡ፤ ቀኝ እግራቸውን ተከሉ፤ ያ እግር ከሥራቸው ሄደ። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ አልፎ ከሜዳው ውጭ ወጣ። ዋንጫውን አጣን።

በመልበሻ ክፍል ውስጥ አጥቂያችን ታኬታቸውን አውልቀው ሥሩን ገልብጠው አዩ። ከዚያም በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረውን ታኬታ ያዥ አዩት። ታኬታዎቹን ከነጭቃቸው በገዛ ቦርሳቸው ከተው ወጡ። ታኬታ የክለቡ ንብረት ስለሆነ ይህ የተከለከለ ነበር።

ታኬታ ያዡ በዚያን ጊዜ በሌላ ጥፋት ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበር። ሦስተኛው ከሥራ ያሰናብታል። ሦስት ልጆች ነበሩት። አጥቂያችን ይህን ያውቁ ነበር።

በማግስቱ አምስት አባላት ያሉት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ተሰበሰበ። ዋንጫውን የወሰደው ክለብ ሰዎች በሳምንቱ ውስጥ አጥቂያችንን ቤታቸው በር ላይ ሲያነጋግሩ ታይተዋል የሚል ወሬ ነበር። የቀረበው ማስረጃ ሦስት ነው፦ ይህ ወሬ፣ በተደጋጋሚ መውደቃቸው፣ ታኬታውን ይዘው መሄዳቸው። ቃለ ጉባኤው ዛሬም አለን። ሰብሳቢው «ለምን ሳትክ?» ብለው ይጠይቃሉ። አጥቂያችን «እግሬ ከዳኝ» ይላሉ። ሰብሳቢው «የከዳን እግርህ አይደለም፣ አንተ ነህ» ይላሉ። «ሌላ የምትለው አለህ?» «የለኝም።» «ታኬታውስ የት አለ?» «ጠፋ።» ከዚህ በኋላ የተጻፈው ፍርዱ ብቻ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላትና ከአጥቂያችን ሌላ ሰባተኛ ሰው ነበር። ወንበር ያመጣው፣ ውሃ የቀዳው፣ በሩን የዘጋው። ታኬታ ያዡ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቷል። አፉን አልከፈተም።

አጥቂያችን በሃያ አራት ዓመታቸው ተባረሩ። ሌላ ክለብ እንዳይቀበላቸውም ለፌዴሬሽኑ ጻፍን። ለክለባችን ስድሳ አንድ ግብ አስቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቦታ አንድም ግብ አላስቆጠሩም። ባለቤታቸው በዚያው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ፤ መርፌውን ግማሽ ድረስ በተሰፋ ማሊያ ላይ እንደተሰካ ትተውት ሄዱ። አጥቂያችን ወደ ጎማ ሥራቸው ተመለሱ። ከስታዲየሙ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ጎማ ቤት ከፍተው አርባ ሁለት ዓመት ሠሩ። ግብ ሲገባ ጩኸቱ እዚያ ድረስ ይሰማል። አብረዋቸው የሠሩ እንደሚሉት፣ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ቀና ሳይሉ «የእኛ ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ያባረራቸውን ክለብ «የእኛ» ይሉት ነበር።

ደጋፊውም የድርሻውን አድርጓል። አጥራቸው ላይ ስድብ ጽፏል። ልጃቸው በትምህርት ቤት «አባትሽ የመታው ኳስ ወረደ ወይ?» እየተባሉ አድገዋል። ዛሬ ራሳቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት እንኳ አንድ አዛውንት ወላጅ የአባታቸውን ስም ሰምቶ «የዚያ የከሃዲው ልጅ?» ብሏቸዋል። ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። የዘራነው ገና እየበቀለ ነው።

ሟቹ ባረፉ በሁለተኛው ቀን ባለቤታቸው ከልጃቸው ጋር ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ጥንዱ ታኬታ ነው። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ግራው ረጅም ጥርስ፣ ቀኙ አጭር። ከሥራ አስፈጻሚው ሦስቱ የቀድሞ ተጫዋቾች ስለሆኑ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። አንዱ አባል «ምነው እስከ ዛሬ?» ቢሏቸው ወይዘሮዋ እንዲህ መለሱ፦

«በቁሜ እንዳታወጪው ብሎ አስምሎኝ ነበር። ለሰውየው ልጆች ጉሮሮ ሲል ነው የደበቀው። መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ አሁን ግን ቁሞ የለም። የእሱን ቃል እንዳከበርኩ የልጄን ስም መልሱልኝ። ያን ወረቀት የለጠፋችሁበት ሰሌዳ አሁንም በራችሁ ላይ አለ አይደል? እዚያው ለጥፉት። ካልለጠፋችሁ አበባችሁንም ባንዲራችሁንም ይዛችሁ ቀብሩ ላይ ድርሽ እንዳትሉ።»

ልጃቸውም «ለአባቴ ብላችሁ አትጻፉ፤ እሱ አልጠየቃችሁም። የምጠይቃችሁ እኔ ነኝ» አሉ።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። የዐሥራ አራተኛው ዓመት የስንብት ውሳኔ ከመነሻው ውድቅ ነው። ለፌዴሬሽኑ የተጻፈው ደብዳቤ በደብዳቤ ተሽሯል። ይህ መግለጫ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የያኔው ወረቀት ዝናብ አጥቦ እስኪያወርደው ድረስ እዚያ ነበርና፣ ይህም ዝናብ እስኪያወርደው ድረስ ማንም አያነሣውም።

ያ ታኬታ ያዥ ከጥፋቱ በኋላ አልተባረረም። የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ ቀጥሎም የክለቡ ዋና ፀሐፊ ሆኖ ሃያ ሰባት ዓመት አገልግሏል። ይህን መግለጫ በገዛ እጁ እንዲጽፍና ከጻፈ በኋላ የቢሮውን ቁልፍ እንዲያስረክብ የታዘዘው እሱ ነው። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ክለባችን ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ አብረዋቸው ለተጫወቱትና በጎማ ቤት አብረዋቸው ለደከሙት ሁሉ የተሰማውን ሐዘን ይገልጻል። ፈጣሪ መጽናናትን እንዲሰጣችሁ እንመኛለን፤ ይቅርታችሁን ግን ለመጠየቅ መብት የለንም፤ ብንነፈገውም አይገርመንም።

በመጨረሻ፣ ሟቹ እውነቱን የማውጣት ዕድል እንደነበራቸው መመዝገብ አለበት። ከተባረሩ በዐሥራ አንደኛው ዓመት ታኬታ ያዡ የክለቡን አውቶቡስ ጎማ ለማስጠገን ብሎ ከሾፌሩ ጋር ጎማ ቤታቸው ሄዶ ነበር።

«የትኛው ነው የተበሳው?» አሉት።

«የመጣሁት ለጎማ አይደለም።»

«እንግዲያው ቤት ተሳስተሃል። እዚህ ከጎማ ሌላ የሚጠገን የለም።»

ለኮሚቴው ሄዶ ሊናገር እንደወሰነ ነገራቸው። የአውቶቡሱን ጎማ ብሎን ከማጥበቅ ሳያቋርጡ ጠየቁት፦

«ያኔ ልጆችህ ስንት ነበሩ?»

«ሦስት።»

«አሁንስ?»

«አምስት።»

«አየህ፣ የጨመርከው አፍ ነው እንጂ ድፍረት አይደለም። ይልቅ ሂድና አሳድጋቸው።»

ታኬታ ያዡ ሊከራከር ሲል የመጨረሻውን ብሎን አሰሩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም እንደገና አንድ በአንድ ፈተሹ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሡና «ያን ነገር እኔ ሁለተኛ አላወራውም፤ አንተም እኔ ፊት አታወራውም» አሉት። ለሾፌሩም «ሂድ፣ ጎማህ ደህና ነው» አሉት።