የፊታውራሪው አጥንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1962፣ ሰበታ
ሦስተኛ ክፍሎችን ማካፈል አስተማርኩ። ግማሾቹ አንቀላፉ።

ማታ ጌታቸው እኔን ለማጨት የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። ጓዳ ሆኜ አዳመጥኩ። ዘር ሲቆጠር አባባ ደረታቸውን ነፍተው፣ "ዳኜ፣ ሞቱማ፣ ወልደ ገብርኤል፣ ፊታውራሪ ወልደ ትንሣኤ!" አሉ። አንዱ ሽማግሌ ደነገጡ። "ኦቦ ዳኜ... የጌታቸው አባት፣ የአቶ ብዙነህም ቅድመ አያት እኮ እሳቸው ናቸው።"

አለቀ። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ነውር ነው። እኛ በአራት ተገናኘን። ቆባቸውን አድርገው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
አልቅሼ ጨረስኩ። አሁን ንዴት ብቻ ነው የቀረኝ።

ፊታውራሪው ከመንዝ የመጡ ናቸው ይላሉ አባባ። ታዲያ እኛ ከወጨጫ ተራራ ሥር መች ተነቅለን እናውቃለን? "ኦሮምኛውን ከየት አመጣነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ከጎረቤት!" ብለው ጮኹብኝ። ከጎረቤት!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ቤተ መጻሕፍት። ሠራተኛው "ለምን ጥናት ነው?" አለኝ። "ለጋብቻ።" ሳቀ። ምን ያስቃል?

የመኳንንቱ ዘር እስከ አዳም ሊደርስ ምንም አልቀረው። የኛ አገር ሰው ግን "ባላገሩ" ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል። መጽሐፉን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ሌላ ጠየቅሁ፣ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ አንዱ ላይ... በዚያ ዘመን ጌቶቹ ለሚጠመቀው ሰው የክርስትና አባት ይሆኑ ነበር። ልብስ አልብሰው "ልጄ" ይሉታል። አገሩም የእገሌ ልጅ ይለዋል።

ልጄ... የክርስትና ልጅ እኮ ነው! ወልደ ገብርኤልም እንዲያ ቢሆንስ?

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከቅዳሴ በኋላ አክስቴን ደጊቱን ያዝኳት። "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!" አለች መጀመሪያ። ኋላ ግን አወጣችው። ወልደ ገብርኤል ሳይጠመቅ በፊት ስሙ ቦጂያ ነበር። ፊታውራሪው ክርስትና አነሱት። አያቴ ሞቱማ የመሬት ሙግት ሲገጥመው፣ ለመርታት ብሎ የአባቱን የክርስትና አባት የሥጋ አያቱ አደረጋቸው። ቄሱንም ጠየቅሁ፤ የክርስትና ዝምድና እዚህ ድረስ ወርዶ ጋብቻ አይከለክልም አሉኝ።

ለአባባ ነገርኳቸው። "ለአንድ ወንድ ብለሽ አጥንቴን ልታስጥይኝ?"
"የእርስዎ ያልሆነ አጥንት እንዴት ይጣላል?"
በጥፊ መቱኝ። አስተማሪ ሆኜ... በጥፊ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ሽማግሌዎቹን ራሴ አስጠራሁ። ሴት ልጅ ሽማግሌ አስጠራች ብሎ ሰበታ ሲያወራ ይክረም! ሁሉን ተናገርኩ። አባባ አቀረቀሩ። አልካዱም። ጌታቸው ሰው ፊት እጄን ያዘኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
የአቶ ብዙነህ መልስ መጣ። "የፊታውራሪው ዘር ከሆነች እህቱ ናት። ካልሆነች ደግሞ አጥንቷን አናውቀውም።"

ጌታቸው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺ ነሽ በሰው ፊት ያበላሸሽው።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን አለስልሶ፣ "ሌላ ደህና አጥንት ፈልጊ። ቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ አይደል?"

በሩን አሳየሁት። ይኼን ሰው ነው ላገባ የነበረው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ከአባባ ጋር ከተነጋገርን ሰነበትን። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ደግሞ ቤተ መጻሕፍት?"
"አዎ።"
"ሰውየው ቀረ አይደል እንዴ? አሁን ማንን ፍለጋ ነው?"
"ቦጂያን።"
መንገዱን እያዩ፣ "እዚያ አታገኚውም" አሉ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ቦጂያ... ባይሳ... ባጫ..." እያሉ ቀጠሉ። ሰባት ቤት ሞልቶ አለፈ። አንዴም አልተደናቀፉም።

በቃላቸው ያውቁት ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ ፊታውራሪውን ሲያስጠኑኝ እነዚህን ደብቀውኛል። ንዴቴ አልበረደም፤ ይቅርም አላልኳቸው። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ።

"እንደገና ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው። ቆጠሩልኝ።