ወሬውን በሽማግሌ ስለላክኸው

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳን፤ ብራስልስ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ትርሲትስ ደኅና ናት? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? ከሁሉም በላይ የእህታችን የየአለምወርቅ ነገር እንዴት ነው? የእግሯ እብጠት ቀነሰላት? ከኩላሊት እጥበቱ ስትመለስ ራሷን ያዞራታል ብለኸኝ ነበርና ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። እኔ፣ ሀይለየሱስና ጨቅላው ዮኒ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእማዬን እመጣበታለሁ።

አርብ ዕለት ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘግቼብሃለሁ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብለህ እንዳታስብ። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። በስልክ ከጀመርኩ እጮኻለሁ፣ እማዬም ትሰማለች፤ ለዚህ ነው በኢሜይል መጻፌ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። የኮሮና ቫይረስን ዘረመል እናነባለን፤ ያነበብነውንም ሳናሳድር ዓለም ሁሉ እንዲያየው እንለጥፋለን። ባለፈው ሳምንት የመጣው እጅግ የተለዋወጠ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ይህን ብንናገር የውጭ አገሮች በር ይዘጉብናል ብለው ፈሩ። እኔ ነኝ የተከራከርኳቸው። ወንድሜ እዚያው ብራስልስ ሳይንቲስቶች ያሉትን አሳጥረው ለባለሥልጣናት ከሚያቀርቡት አንዱ ነው፣ ሰዎቹ አንብበውና አመዛዝነው ነው የሚወስኑት አልኩ። ባንተ ኮርቼ እኮ ነው! ይክፋ አይክፋ ገና አናውቅም ብለን በግልጽ ጻፍን። እናንተ ግን «አናውቅም» ያልነውን «አደገኛ ነው» ብላችሁ አነበባችሁት፤ ከዚህ ወደ እናንተ የሚመጣው በረራም ተዘጋ። ወዲያው ደግሞ እናንተው አገር፣ ደቡብ አፍሪካን ረግጣ በማታውቅ ሴት ላይ መገኘቱን ሰማን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ይሁን፤ ያ የመንግሥታት ጉዳይ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ያንተ ነው። በሩ እንደሚዘጋ ሐሙስ ማታ አውቀሃል። ያኔውኑ ብትደውል የእማዬን የቅዳሜ ትኬት ቀይረን እናሳፍራት ነበር። እኔን ልታርስ መጥታ፣ ከዚህ ወደ እናንተ ተሻግራ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ኩላሊቷን ለየአለምወርቅ ልትሰጥ ነበር። አንተ ግን ክፉ ወሬ በማታ አይነገርም ብለህ እንደ መርዶ አስነጋኸው። ይባስ ብለህ የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ አሳምነውን፣ ከማኅበራቸው ሰው ይዘው በማለዳ ሄደው ቀስ አድርገው እንዲነግሯት ለመንካቸው። ለእማዬ ክብር ብለህ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ምን ነካህ?

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ምን ታስብ? «ልጄን!» ብላ ወደቀች። የየአለምወርቅን ስም እየጠራች ደረቷን ስትደቃ፣ ጋሽ አሳምነው የሞተ ሰው የለም፣ የቀረው በረራ ነው ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ጩኸቱን የሰማ የሰፈራችን የሜይፌር አበሻ ሁሉ ግር ብሎ ገባ። ሱቁን ሊከፍት የወጣው ተማም፣ የፎቁ ሴቶች፣ ማስክ ያደረገም ያላደረገም እያቀፈ አለቀሰላት። ሞት እንደሌለ ካወቁ በኋላም የደነገጠች እናት ብቻዋን አትተውም ብለው እስከ ቀትር ተቀመጡ። ሰው አትሰብስቡ እያልኩ ስንቱን የመከርኩ ሴትዮ፣ ውጡልኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። መስኮት ከፈትኩ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

ሰኞ ደግሞ ለስብሰባ የሚሆን የሕሙማን ቁጥር ላኪልኝ ብለህ ጻፍክልኝ። ቁጥሩን አልደበቅንም፤ እንደ ወትሮው ለሁሉም ተለጥፏል። ከየሆስፒታሉ የሚመጣው ለጊዜው ቀለል ያለ ይመስላል፣ ግን ገና ነው። «ገና ነው» የምትለዋን እንዳለች አቅርባት፤ ገጽ በዛ ብለህ እንዳትቆርጣት። አንድ ነገርም በኔ ፈንታ ጠይቅልኝ፤ ለልጇ ከአካሏ ቆርሳ የምትሰጥ እናት በየት በኩል ትግባ? ልዩ ፈቃድ አለ ይባላል፣ የት እንደሚጠየቅ የሚነግረን ሰው ግን አጣን።

አሁን የእማዬን ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ትናንት ማሳል ጀመረች። ዛሬ አስመረመርኳት፤ ኮሮና ይዟታል። አርብ ዕለት ካቀፏት ውስጥም ሁለቱ ተኝተዋል። ትኩሳቷ አልበረታም፣ ትንፋሿም ደኅና ነው፤ ክፍሏን ለይተን ኦክስጅኗን እየለካሁ ነው። ነገር ግን በሩ ነገ ቢከፈት እንኳ በቀጠሮው ቀን አትደርስም። ሐኪሞቹን ካገገመች በኋላ ስንት ጊዜ መጠበቅ እንዳለባት፣ የአለምወርቅስ እስከዚያ ትችል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቃቸው። እኔ የምፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው። ለእማዬ ቀጠሮው መቅረቱን ስነግራት ተቆጣችኝ። «የሳልኩት እኔ፤ ኩላሊቴ መቼ ሳለ?» አለችኝ። ሳቅኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ትርሲትን ሳምልኝ። ደመላሽን፣ ሰሎሜ ለሚስትህ ለየአለምወርቅ የምትደክመውን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ ብላሃለች በልልኝ። ሀይለየሱስ ሰላም ብሎሃል። ጋሽ አሳምነው አፍረው በእኛ በኩል ማለፍ ትተዋል፤ ደውልላቸው፣ ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። የአለምወርቅን ከሁሉ አስበልጠህ ሳምልኝ። የእማዬንም ነገር ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ራስህ ንገራት። ማንንም እንዳትልክ፤ ቢመሽም እስኪነጋ አትጠብቅ።

እህትህ ሰሎሜ
ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ኅዳር 23 ቀን 2014 ዓ.ም.