የሰላም እንሽላሊት ንጣፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ አሶሳ

ዛሬ ጠዋት የልጄን የሰላምን እንሽላሊት ሳጥኑ ውስጥ ሞቶ አገኘሁት። ባምባሲ ካለችው አክስቷ ግቢ ይዛ መጥታ ሦስት ዓመት ያሳደገችው ነው። ለትምህርት ጅማ ስትሄድ፣ «አባዬ፣ አደራ፤ ሥሩ የተነጠፈውን ወረቀት በየቀኑ ቀይርለት» ብላኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቀየርኩ። ከዚያ ኩሱን ማየት አስጠላኝ። አናጢው ጎረቤቴ አብዱልረሂም ዘንድ ሄጄ አንድ ፌስታል ሰጋቱራ ጠየቅኩት።

«ለዶሮ ነው?» አለኝ።

ለምን እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ለእሱ ይሄ ጥሩ አይደለም። ምግብ ሲበላ ይሄንም ይበላል። ወረቀት ይሻላል።»

እኔ ግን የፈለግኩት ቆሻሻውን ከዓይኔ የሚሸፍንልኝ ነገር ነበር። በወፍራሙ ነሰነስኩለት። ከዚያ ወዲያ ፌንጣ ወርወር ከማድረግ በቀር ዞር ብዬም አላየሁት።

ፌንጣውን ከነሰጋቱራው ሲውጥ ከርሟል። ሆዱ ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ከሥሩ ያለው ሰጋቱራ ርሶ ሻግቷል። እዚያ ላይ ነው ተኝቶ የከረመው። ጓሮ ማንጎው ሥር ቀበርኩት።

ከሰዓት ሰላም ደወለች። ስልኩን ሳነሳ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ነበር።

«እንሽላሊትሽ ሞተ። አርጅቶ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

አለቀሰች። ከዚያ፣ «እንደምትጸየፈው አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ በየቀኑ ስላጸዳህለት አመሰግናለሁ፣ አባዬ» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት።